ለጥቂት ቀናት ትልቅ ከተማ ሄጄ ልጫወት ነው፤ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ተጓዥ ጊታር

ሰላም ቤተሰብ፣

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ትልቅ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። እስካሁን ከባንድ ጋር ስሄድ ሁሉን ነገር የሚጨርስልን ሰው ነበር። አሁን ብቻዬን ነኝ። ጊታር እየመታሁ የምዘፍን ሰው ነኝ፤ ማናጀርም ዕቃ ተሸካሚም የለኝም።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ ትንሽ ላውንጅ ውስጥ ለብቻዬ እጫወታለሁ። ዓርብ ክለብ ነው፤ የቤቱ ቋሚ ባንድ ያጅበኛል። ቅዳሜ ከሰዓት የግል ዝግጅት አለ። አሁን ደግሞ አንድ ሌላ ቤት «እሑድ እኛም ጋ ግባ» አለኝ። ከዓርቡ ክለብ ብዙም አይርቅም።

ጊታሩን በአውሮፕላን እንዴት ብወስደው ይሻላል? ፔዳሎቼን (በእግር እየተረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚቀይሩትን ሣጥኖች) ሁሉ ልሸከም ወይስ ልተዋቸው? ከማላውቀው ባንድ ጋር በአንድ ሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ሙከራ) እንዴት እንግባባለን? የእሑዱንስ ልቀበለው? ስለ ክፍያም የደረሰባችሁ ነገር ካለ አውሩኝ።

ዘጠኝ ቮልት

እንኳን ደስ አለህ! ከጊታሩ ልጀምር።

ከቻልክ አብሮህ ካቢን ይግባ። የአየር መንገዶች ደንብ ይለያያል፤ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት የራሳቸውን ገጽ አንብብ። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ። ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ስትሳፈር ከላይኛው ሣጥን ወይም ከወንበር ሥር ቦታ ካገኘ፣ አየር መንገዱ ሊቀበልህ ይገባል። ጨዋታው ያለው «ቦታ ካገኘ» የምትለዋ ላይ ነው። መጨረሻ የተሳፈረ ቦታ አያገኝም። ቀድሞ የሚያሳፍር ትኬት ካለ ግዛው፤ ለአዲስ ጊታር ከሚወጣው ያንሳል።

ዕቃ ክፍል መግባቱ ካልቀረ ጠንካራ ኬዝ ግድ ነው። ጊታር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ኬዙ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ይወዛወዝና ቀጭኑ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ከጭንቅላቱ ሥርና ከጎንና ጎኑ ቲሸርት ጠቅጥቅ። የትም የማይሄድ እስኪሆን ድረስ። ክሮቹን ላላ አድርጋቸው እንጂ ጨርሰህ አትፍታቸው።

ስትደርስ ቶሎ ከፍተህ ለማየት አትቸኩል። በብርድ የቆየ እንጨት ድንገት ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲወጣ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ኬዙ እንደተዘጋ ክፍሉን ይልመድ።

ፔዳልን በተመለከተ እኔ ጨካኝ ነኝ። ቲዩነር (መቃኛ) እና ያለሱ ዘፈንህ ዘፈን የማይሆነውን አንዱን ፔዳል ያዝ። የቀረው ቤት ይቅር። የኃይል መስጫው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እይ። ጃፓን 100 ቮልት ነው፣ አሜሪካ 120፣ አብዛኛው ዓለም ከ220 እስከ 240። እዚያው ተውሼ እጠቀማለሁ ካልክ ደግሞ ቮልቱን ብቻ አትይ። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ሆነው የመሰኪያቸው መሃል ኔጌቲቭ ነው። የተገላቢጦሽ የሆነ ከሰካህ ፔዳልህን ልታቃጥል ትችላለህ።

ፓወር ባንክና ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል።

ወፍራም ክር

ዘጠኝ ቮልት ያልነካት አንዲት ነገር ልጨምር። ጊታርህ አሮጌ ከሆነና የብራዚል ሮዝውድ ካለበት ድንበር አታሻግረው፣ ወይም ወረቀቱን አሟላ። ያ ዛፍ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ሌሎቹ ሮዝውዶች 2017 ላይ ተጨምረው ብዙ ሙዚቀኛ አስጨንቀው ነበር። ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን 2019 መጨረሻ ላይ ነገሩ ቀለለ።

ደግሞ ከተማው ሌላ አገር ከሆነ ቪዛህን እይ። በብዙ አገር በጉብኝት ቪዛ ተከፍሎህ መድረክ ላይ መውጣት አይፈቀድም። «ጓደኛ ልጠይቅ ነው» እያልክ ጊታርና ፖስተር ይዘህ አትሂድ። ስልክህ ላይ ያለውን ፖስተርም ያዩታል።

ባለ ሚክሰር

እኔ ከማዶ በኩል ነኝ፤ ሳውንድ ማን (የድምፅ ባለሙያ) ነኝ። እንግዳ ሙዚቀኛ ሲመጣ የምፈልገው አንድ አጭር መልእክት ነው። ከሁለት ቀን በፊት ላክልኝ፣ ከዚያ በኋላ ወዳጄ ነህ። እንዲህ ያለች፦

«አንድ ሰው። መሃል መድረክ፣ ቆሜ ነው የምዘፍነው። ድምፅ፦ አንድ ማይክ ከነመቆሚያው። ጊታር፦ አኩስቲክ፣ ፒክአፕ አለው፣ ዲአይ ቦክስ እፈልጋለሁ። ሞኒተር፦ አንድ፤ ድምፄ ብዙ፣ ጊታሬ ትንሽ፣ ሪቨርብ አይግባበት። ሶኬት፦ እግሬ ሥር አንድ።»

በቃ። (ፒክአፕ የጊታሩን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ነው፤ ሞኒተር መድረኩ ላይ ወዳንተ የዞረው ስፒከር፤ ሪቨርብ ማስተጋቢያው።) ከዚህ በላይ አትጻፍ፤ ረጅም ከሆነ አላነበውም።

ዲአይ ቦክስ ካለህ የራስህን ያዝ። ኪስ ውስጥ ይገባል። የጊታሩን ደካማ ሲግናል እንደ ማይክ ሲግናል አድርጎ በረጅም ኬብል እስከ ሚክሰሩ ያደርስልሃል። ተራ የጊታር ኬብል ከስድስት ሜትር ገደማ አልፎ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ እየበላ ይሄዳል። ዲአዩ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የምትባል ትንሽ ማብሪያ አለች። ስፒከሩ «ዝዝዝዝ» ካለ መጀመሪያ እሷን ንካ። የሶኬቱን የምድር ሽቦ በቴፕ ሸፍኖ ዝዝታውን የሚያጠፋ ብልጥ ካጋጠመህ ግን አትፍቀድለት። ማይኩን በከንፈርህ ነክተህ ክሩን በእጅህ የያዝክ ሰው ነህ፤ ኤሌክትሪኩ ባንተ በኩል ሊያልፍ ይችላል።

ሳውንድ ቼክ ላይ የምትወደውን ለስላሳ ዘፈን አትጫወትልኝ። ከፍ ብለህ የምትጮህበትን ስጠኝ፣ ቀጥሎ በጣም የምታንሾካሹክበትን። ባዶ ቤት ያስተጋባል። ሰው ሲሞላ ልብሱና አካሉ ድምፁን ይውጠዋል፣ በተለይ ቀጭኑን። ስለዚህ ባዶው ቤት ውስጥ ትንሽ ሹል ሆኖ ቢሰማህ «ቀንስልኝ» ብለህ አትጨቅጭቀኝ።

ገመድ አልባ ማይክም ከቤት አታምጣ። የሚፈቀደው ሞገድ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የ600 ሜጋ ኸርዙን ክልል ለስልክ ስለሰጡት፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይክ እዚያ በአብዛኛው አይፈቀድም።

ኪቦርድ ብቻ

«እዚያ ሁሉ ነገር አለ» የሚሉህን አትመን። እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። «ኪቦርድ አለን» ተብዬ ደርሼ ቁልፉ ግማሹ የማይሠራ የልጆች መጫወቻ የሚመስል ነገር ያቀረቡልኝ ቤት አለ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ነው የምጠይቀው። «ምን ዓይነት ነው?» ሲባል ሰው ከትዝታው ይመልሳል፤ ፎቶ ግን ያለውን ያሳያል። ፔዳሉ በፎቶው ውስጥ መኖሩንም እዩ፣ እሱን ሁልጊዜ ይረሱታል።

ትልልቆቹም አያመልጡም። የጃዝ ፒያኒስቱ ኪት ጃሬት ጥር 1975 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲደርስ ያዘዘው ትልቅ ፒያኖ ሳይሆን ሌላ ትንሽ ፒያኖ ነው የጠበቀው። ቅኝቱ የወጣ፣ ላይኛው ድምፁ የሳሳ። አልጫወትም ሊል ነበር። በኋላ ግን ተጫወተ፤ ጥሩ የሚሰማውን የመሃሉን ክፍል እየመረጠ። የዚያ ምሽት ቅጂ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡ የብቸኛ ፒያኖ ቅጂዎች አንዱ ሆነ።

የማታ ተረኛ

@ኪቦርድ ብቻ ይህን ታሪክ ለክለብ ባለቤቶች እንዳትነግሪያቸው። ነገ ሁላችንም የተሰበረ ፒያኖ ላይ «ታሪክ ሥሩ» እንባላለን 😂

ጋሼ ምት

ልጄ፣ እኔ ድራም ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የቤት ባንድ ውስጥ ተቀምጬ ስንቱን እንግዳ ድምፃዊ አጅቤያለሁ። የዓርቡ ያንተ ምሽት የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው።

የቤት ባንድ ጎበዝ ነው። ዘፈኑን በመሃሉ አይስተውም። የሚበላሸው መግቢያውና መጨረሻው ላይ ነው። ማን ይጀምራል? ስንት ባር (የምት ዙር) ቆጥረን እንገባለን? እንዴት እንቆማለን? እነዚህን ያልተነጋገረ ባንድ መድረክ ላይ ይተያያል። አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ ድራመሩ ደግሞ ለማዳን ብሎ ትልቅ ሮል ይመታል። (እኔ ነኝ ያ ድራመር።)

ቅጂውን ብቻ ልከህ «እዚህ ስሙት» አትበላቸው። ቅጂው በስቱዲዮ ቀስ እያለ ድምፁ እየጠፋ ያልቃል፤ መድረክ ላይ እንደዚያ የሚያልቅ ነገር የለም። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንዲት አንቀጽ ጻፍ። እንዲህ፦

«ኪይ፦ ዲ ማይነር። ፍጥነት፦ 96። መግቢያ፦ ጊታር ብቻ 4 ባር፤ 5ኛው ላይ ድራምና ቤዝ። ስንኝ 16 ባር፣ አዝማች 8። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ሶሎ፤ ኪቦርድ ይውሰደው፣ እጄን ሳነሳ ይብቃው። መጨረሻ፦ አዝማቹ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ሁላችንም አንድ ላይ እንቆማለን፣ የመጨረሻዋን ቃል ብቻዬን እላታለሁ።»

ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ። ካፖውን ሦስተኛው ፍሬት ላይ አድርገህ የጂ ኮርድ ስትይዝ የሚሰማው ቢ ፍላት ነው። ለባንዱ የምትነግረው የሚሰማውን ነው። ጊታሪስት ሁሉ «ጂ ነው» ብሎ ቤዙን ገደል ይከተዋል።

ሳውንድ ቼኩ አጭር ስለሚሆን ዘፈን ሙሉውን አትጫወቱ። የሁሉንም ዘፈን መግቢያና መጨረሻ ብቻ ተለማመዱ። መሃሉን ለእነሱ ተውላቸው። ሲጨርሱም ስማቸውን ጠይቅና መድረክ ላይ በስማቸው ጥራቸው። ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም፤ የሚቀጥለውን ዘፈን ግን እንዴት እንደሚመቱልህ ታየዋለህ።

ተጓዥ ጊታር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ የዘፈኖቼን ሁሉ እንደዚህ አድርጌ ጽፌ እልካለሁ። «ጂ ነው» ያልኩበትን ቀን አላወራም 🙈

ሁሉን ያዝ

የእሑዱን ተቀበል አቦ! ትራንስፖርቱን ከፍለሃል፣ ማደሪያውን ከፍለሃል። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ጣሪያ ከምታይ ሥራ። እንጀራ ነው።

የማታ ተረኛ

ቆይ ቆይ። እዚህ ላይ አልስማማም። በአንድ ከተማ ውስጥ ተቀራራቢ ቀን ሁለት ቤት መጫወት አድማጭህን ለሁለት መክፈል ነው። ስምህ ገና ያልታወቀ ከሆነ የሚመጣልህ ሰው ቁጥሩ የታወቀ ነው። «እሑድ እሄዳለሁ» ብሎ ዓርብን ይዘላል። እሑድ ደግሞ ይደክመውና ይተኛል። የዓርቡ ባለቤት ባዶ ወንበር ሲያይ ሁለተኛ አይጠራህም።

ብዙ ቤት ውል ላይ ይህን ይጽፋል፤ በዚህ ርቀትና በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ሌላ ቦታ አትጫወትም ይላል። የዓርቡን ውልህን አንብበው። ከሌለም ደውለህ ጠይቅ። ሳይነገራቸው ፖስተሩን ከሌላ ሰው ካዩት ወሬ ነው የሚሆነው።

ስለ ክፍያ ደግሞ እንካ። ቀብድ ሳትቀበል ትኬት አትቁረጥ። ቀብዱ ቢያንስ መሄጃና መመለሻህን ይሸፍን፤ ሥራው ቢሰረዝ ከኪስህ አይወጣም። ቀሪውን መቼ፣ ከማን እጅ እንደምትቀበል ቀድመህ እወቅ። «ከሥራ በኋላ» ማለት ሌሊት ላይ ባለቤቱ ሄዶ አስተናጋጁ «እኔ አላውቅም» የሚልበት ሰዓት ነው። ከመድረክ በፊት ወይም በእረፍት ላይ ተባባል።

ከበር መግቢያ በመቶኛ ከሆነ ደግሞ «ከምኑ?» ብለህ ጠይቅ። ከጠቅላላው ነው ወይስ የሳውንድና የጥበቃ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? በነፃ የሚገባው ሰው ስንት ነው? እነዚህ ሁለቱ መቶኛውን ምንም ሊያስቀሩት ይችላሉ። የታተመ ውል ባይኖር እንኳ በስልክ የተባባልከውን በጽሑፍ መልሰህ ላክለትና «አዎ» ያስብለው።

ሁሉን ያዝ

@የማታ ተረኛ የምትለው ለታወቀ ሰው ይሠራል። ለጀማሪ ማን ውል ያነባል? እኔ በየቀኑ እየሠራሁ ነው ያደግሁት።

የማታ ተረኛ

በየቀኑ አንድ ቤት ነው ወይስ በየቀኑ ሌላ ቤት? ልዩነት አለው ወንድሜ።

ጆሮዬን

ሁላችሁም ስለ ጊታር ትጨነቃላችሁ። ጆሮና ጉሮሮ መለዋወጫ የላቸውም።

የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም (ናዮሽ) የሚመክረው ለ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2፣ 94 ከሆነ 1። እየቆጠራችሁ ሂዱ፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ሞኒተሩ ፊት ቆሞ፣ ከጀርባው የድራሙ ሲምባል እየጮኸ 100 መድረስ ከባድ አይደለም። ለሙዚቀኛ የሚሠራው የጆሮ መሰኪያ ድምፁን ሳያፍን እኩል ይቀንሳል። እሱን ያዝ።

ጉሮሮን በተመለከተ፣ አውሮፕላን ውስጥ አየሩ በጣም ደረቅ ነው። ውኃ ጠጣ። ከሥራ በኋላ ሙዚቃ በሚጮህበት ቤት ቁጭ ብለህ ሰው ጆሮ ሥር እየጮህክ አታውራ። ብዙ ድምፃዊ ድምፁን የሚጨርሰው መድረክ ላይ ሳይሆን ከመድረክ ወርዶ ነው።

ባለ ክራር

ለጊታሪስት ብቻ ተነገረ፤ ለእኛም ይነገር እንጂ። ክራር ቆዳ የተወጠረበት ስለሆነ እርጥበት ያለበት ከተማ ስትደርስ ቆዳው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። መድረኩ ላይ መብራቱ ሲያሞቀው ደግሞ ይወጠርና ይወጣል። ስለዚህ ቀደም ብዬ መድረኩ ላይ መብራቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ የምቃኘውም እዚያው ነው። የመልበሻ ክፍል ውስጥ የቃኘሁት ለመድረክ አይሆንልኝም።

ቲዩነሩም ስንት ላይ እንደሆነ እዩ። የተለመደው 440 ኸርዝ ነው። አንዳንድ ቤት ግን ፒያኖውን 442 ላይ ያስቃኛል። ፒያኖውን ማንም አይነካልህም፤ አንተ ነህ ወደ እሱ የምትሄደው።

አላፊ አግዳሚ

አንድ ነገር ብቻ። መሣሪያችሁን ታክሲ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስቀምጡ። ታዋቂው የቼሎ ተጫዋች ዮ-ዮ ማ በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በ1733 የተሠራ ቼሎውን ታክሲ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ረስቶ ወርዷል። ደረሰኝ ይዞ ስለነበር በዚያው ቀን ተገኘለት። ደክሟችሁ ስትወርዱ የምትረሱት ያላያችሁትን ነው።

ተጓዥ ጊታር

ተመልሻለሁ! ቃል ስለገባሁ እንዴት እንደነበር ላውራችሁ።

ሐሙስ ላውንጁ ውስጥ ሰው ይበላል፣ ያወራል። ድምፄን ከፍ ባደርግ እነሱም ከፍ አደረጉ። ዝቅ ሳደርግ ነው ቀስ እያሉ መስማት የጀመሩት። ስፒከሩ ሲጀመር ዝዝ ይል ነበር፤ @ባለ ሚክሰር ያልካትን ማብሪያ ነካሁና ጸጥ አለ። ልጁ «ከየት አወቅክ?» አለኝ።

ዓርብን ጋሼ ይስሙልኝ። ወረቀቶቹን ቤዝ ተጫዋቹ አትሞ መቆሚያው ላይ ለጥፎ ጠበቀኝ። ሳውንድ ቼኩ ዘግይቶ ተጀመረ፤ በሩ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር። መግቢያና መጨረሻ ብቻ አደረግን፣ አንድም ዘፈን ሙሉውን አልነካንም። ማታ ላይ ሦስተኛው አዝማች ላይ አራቱም እኩል ሲቆሙና ቤቱ ጸጥ ሲል የመጨረሻዋን ቃል ልል ትንፋሼ አጠረኝ። በስማቸው ስጠራቸው ደግሞ ኪቦርዲስቱ ቀጣዩን ሶሎ እጄን ባነሳም አላቆመም 😄 ተውኩት፣ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ የግል ዝግጅቱ መድረክ የለውም። ሳር ላይ ነው የቆምኩት። ጨርሼ ቀሪውን ክፍያ ስጠይቅ «የተዋዋለህ ሰው የለም፣ እኛ ይህን አናውቅም» አሉ። በጽሑፍ የተባባልነውን አሳየኋቸው። ተመካከሩ፣ ደወሉ፣ ሌላ ሰው ጠሩ። በመጨረሻ ከፈሉ። ከመድረክ በፊት ተቀበል ያልከኝ @የማታ ተረኛ፣ ሞክሬ ነበር፤ «ሰውየው በመንገድ ላይ ነው» አሉኝ።

የእሑዱን ለዓርቡ ባለቤት ነገርኩት። ሰውየው ቅር አላለውም፤ «የኔ ቀን ሳያልፍ ፖስተር እንዳይወጣ» ብቻ አለ። የእሑዶቹ ተስማሙ። ያለ ማስታወቂያ፣ ለሌላ ዘፋኝ እንግዳ ሆኜ ጥቂት ዘፈን ተጫወትኩ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ለሚመጣው ጊዜ ሙሉ ምሽት እንሰጥሃለን ብለዋል።

ሁሉን ያዝ

አላልኩም? ተቀበል አላልኩም?

የማታ ተረኛ

ጠይቅ ብዬው ጠየቀ 😂 ደህና፣ እኩል ወጣን።

ጋሼ ምት

የኪቦርዱን ልጅ አትቀየመው። ስሙን ስትጠራው ሞቅ ብሎት ነው።

ኪቦርድ ብቻ

በሙያ ባልደረባዬ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን እጅ ተነስቶ ሶሎ ያቆመ ኪቦርዲስት አላየሁም።

ወፍራም ክር

አንድ የቀረ ነገር አለ። የራስህን ዘፈኖች ነው የተጫወትከው አይደል? በየአገሩ የደራሲን ክፍያ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሉ። ክለቦችና አዳራሾች ሙዚቃ ስላስጫወቱ ለእነሱ ይከፍላሉ። ደራሲው አባል ከሆነና የተጫወታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ካቀረበ፣ በመድረክ ለተጫወተው የራሱ ሥራም ድርሻ የሚሰጡ አሉ። አባል ነህ?

ተጓዥ ጊታር

አባል ነኝ፤ ግን በሬዲዮ ለተላለፈው ብቻ መስሎኝ ነበር። ምን ምን ይፈልጋሉ?

ወፍራም ክር

አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ስምና አድራሻ፣ ቀኑ፣ የዘፈኖቹ ርዕስ፣ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ። ማስረጃ ከጠየቁ ፖስተሩ ወይም ውሉ ይበቃል። የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ስላለው አታቆየው። ለዓርቡ የጻፍካቸው አንቀጾች አሉ አይደል? ርዕሶቹን ከዚያ ገልብጠህ ላካቸው። የቅዳሜው የግል ዝግጅት ብዙ ቦታ አይቆጠርም፤ ሐሙስንና ዓርብን ግን አስገባ። እሑድንም ጠይቃቸው፤ እንግዳ ሆነህ የተጫወትከውን የሚቀበሉ አሉ።